በሰማይ ቤት የተደፋው ማንኪያ

ዋና አብሳዩ የሞተው የአውሮፕላን ወንበር ላይ፣ ቀበቶውን እንዳሰረ ነበር። የሥጋ መደብደቢያ መዶሻ ደጋግሞ ያረፈበት ግንባሩ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። ጥርሶቹ ደረቱ ላይ ተበትነዋል፤ ደሙ ጣሪያው ድረስ ተረጭቷል። ቀበቶው ይዞት መነሳት አልቻለም፤ በእጆቹ ለመከላከል መሞከሩን ግን የተሰባበሩት ጣቶቹ ይናገራሉ። መዶሻው እግሩ ሥር ወድቋል።

መርማሪዋ በሩ ላይ ቆማ ይህን ሁሉ ካየች በኋላ፣ አብሯት ለመጣው ሽማግሌ ሃምሳ አለቃ ማንም ምንም እንዳይነካ ነገረችው። ባልደረቦቿ ከጀርባዋ «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ስለሆነች እንዳይመስላችሁ፤ መብል የምትወድ፣ በርጩማ ላይ ስትቀመጥ በርጩማው የሚያቃስትላት ሴት ናት። መርፌ ያሰኛት አጠያየቋ ነው። ጥያቄዋ ሲገባ አይሰማም፣ ሲወጣ ግን ክር ይዞ ይወጣል።

ቤቱ የአውሮፕላን ምግብ የሚሰናዳበት ሰፊ ኩሽና ነው። ማኮብኮቢያው ከአጥሩ ማዶ በመሆኑ አውሮፕላን በተነሳ ቁጥር መደርደሪያ ላይ ያለው ድስት ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ሟቹ የተገኘባትን ጠባብ ክፍል ሠራተኞቹ «ሰማይ ቤት» ይሏታል። ያሠራት እሱ ራሱ ነው። መሬት ላይ የሚጣፍጥ ምግብ እላይ ሲደርስ ጣዕሙ እንደሚጠፋ ስላወቀ፣ ሁለት የአውሮፕላን ወንበር አስገብቶ፣ አየሩን የሚያሳሳና የሚያደርቅ መሣሪያ አስገጥሞ፣ የሞተር ጩኸት በድምፅ ማጉያ እያስለቀቀ፣ ወደ ሰማይ የሚወጣውን ምግብ ሁሉ እዚያ ተቀምጦ ይቀምስ ነበር። ቀበቶውን ሳያስር ቀምሶ አያውቅም። መንገደኛ የሚበላው ታስሮ ነው፣ እኔም ታስሬ ካልበላሁ አይገባኝም ይል ነበር።

መሣሪያው የሚበራውና የሚጠፋው ከውጭ፣ ከበሩ አጠገብ ባለ ማብሪያ ነው። እየሠራ ሳለ በሩን የሰው ጉልበት አይከፍተውም፤ መጀመሪያ መሣሪያው መቆም፣ ከዚያም አየሩ መመለስ አለበት። አሁን ኩሽናው ውስጥ የተቀመጠችውን ልጅ ካቴና ውስጥ የከተታትም ይኸው ነው።

ልጅቷ የሟቹ ታናሽ እህት፣ የኩሽናው ሶስ ሠሪ ናት። ቀድመው የደረሱት ፖሊሶች አስረው ከሽንኩርት ጆንያ ላይ አስቀምጠዋታል። መርፌ አንድ በርጩማ ጎትታ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። በርጩማውም እንደ ልማዱ አቃሰተ።

«እገድልሃለሁ ብለሽዋል አሉ።»

«ብዬዋለሁ» አለች ልጅቷ። «ጋሼን እገድልሃለሁ ሳልለው የዋልኩበት ቀን የለም። ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ሌላ የምቆጣበት ሰው የለኝም።»

ነገሩን ቀስ በቀስ አወጣጣቻት። አዲሱ ምግብ የበግ ሥጋ በቀይ ሶስ ነው። ሶሱን ክረምቱን ሙሉ የደከመችበት እሷ ስትሆን፣ መንገደኛው በሚያየው ካርድ ላይ የታተመው ግን የወንድሟ ፎቶ ብቻ ነው። ጧት ያንን አይታ ኩሽናውን በጩኸት አናጋችው። ከምሳ በኋላ ንዴቷ ሳይበርድ ትሪውን ይዛለት ሰማይ ቤት ገባች። ሁለት ሳህን ነበረው፤ አንዱ ለእሱ፣ አንዱ ለእሷ። ገና ያልተከፈተ ጠርሙስ ውሃም ነበረው። ተቀምጠሽ አብረሽኝ ብዪ አላት። እሷ ግን ጥላው ወጣች፣ በሩን ዘጋች፣ በመስታወቱ በእጁ ምልክት ሲሰጣት መሣሪያውን አብርታ ወደ ምድጃዋ ተመለሰች።

«ስትወጪ ምን አልሽው?»

«ብቻህን ብላና ይነቅህ፤ እንዲህ ነው ያልኩት። የመጨረሻ ቃሌ ይኸው ነው።»

ከዚያ በኋላ መሣሪያው ሲሠራ ዋለ። የመቅመሻው ጊዜ አልፎ እንኳ አለመቆሙ ግራ የገባው የጥራት ተቆጣጣሪው ሥጋ ቆራጩን ጠርቶ አብረው አጠፉትና ከፈቱ፤ ያዩትንም አዩ። የፖሊሶቹ ሐሳብ አጭር ነው። እሷ ካበራችው በኋላ ማንም መግባት ካልቻለ፣ ገድላው ነው ያበራችው። ጣቢያ ያለው አለቃቸውም ስልክ ደውሎ፣ እንደመሸበት እንግዳ እየቸኮለ፣ ልጅቷን ይዘሻት ነይ ብሏል። መርፌ «እሺ ጌታዬ» ብላ ስልኩን ዘጋችና ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

ሥጋ ቆራጩን ግንዱ ይሉታል። የበር ያህል ሰው ነው። መዶሻው የእሱ ነው፤ ከጠረጴዛው ላይ ማንም ሲያልፍ አንስቶ መሄድ ይችላል። ሟቹ ባለፈው ሳምንት በሰው ፊት አዋርዶት እንደነበር ሳትጠይቀው ነገራት። ውሸት አያውቅበትም ወይም በጣም ያውቅበታል ስትል አሰበች።

«ሲገደል ምን የሰማኸው ነገር አለ?»

«በዚያ የሞተር ጩኸት? ሰው በሬ ቢያርድበት አይሰማም።» ግንዱ ትልቁን እጁን አሻሸ። «እሷ አላደረገችውም። ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ። ዶሮ ሲታረድ ፊቷን የምታዞር ናት።»

መርፌ ተመልሳ ሰማይ ቤት ገባች፤ አሁን ሬሳው ተሸፍኗል። ወንበሩ ላይ በተገጠመው ጠረጴዛ ያለውን ትሪ ጎንበስ ብላ አየችው። አንደኛው ሳህን በዳቦ ተጠርጎ ባዶ ሆኗል፤ ማንኪያው ሆዱን ወደ ታች ተደፍቶ መሐሉ ላይ ተቀምጧል። ሁለተኛው ሳህን አንድ ጊዜ ብቻ የተነካ ነው። ውሃው ተከፍቶ ግማሹ ተጠጥቷል፤ ክዳኑ ግን ጥብቅ ብሎ ተዘግቷል። ጠርሙሱ ክንድ ማሳረፊያው ላይ ባለው ቀዳዳ ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ነገር ግን ሰው እንደጨመቀው ተጨማዷል። ሃምሳ አለቃው በድብደባው መሐል የተጨማደደ ነው አለ። መርፌ ቀና ብላ ዙሪያዋን አየች። ደም የሌለበት ቦታ አልነበረም፤ ጠርሙሱ ላይ ግን የጣት አሻራ ያህል እንኳ ደም የለም።

ከሌላኛው ወንበር ሥር አንድ ያልተከፈተ የምግብ ሣጥን አገኘች። የብር ወረቀት ክዳኑ ላላ ብሏል። የዚያኑ ዕለት ማታ የሚነሳው በረራ ምልክት ተለጥፎበታል።

ለግንዱ ሳህኑን አሳይታ ማንኪያው ለምን እንደተደፋ ስትጠይቀው የሰውየው ዓይን እንባ አቀረረ። ሟቹ በአፉ ሰው አመስግኖ አያውቅም፤ ምግብ ልክ ሲሆንለት ግን ሳህኑን ጠርጎ ማንኪያውን ይደፋል። ያንን ለማየት በዚያ ኩሽና ያልጓጓ የለም።

«ለእህቱስ ደፍቶላት ያውቃል?»

«አንድ ቀንም። የራሱ ሰው ስለሆነች ነው የሚብስባት።»

መርፌ ይህን ለማንም እንዳይናገር አስጠነቀቀችው።

የአስተናጋጆቹ አለቃ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ምግብ መጫኛው በር ላይ ትጠብቅ ነበር። ዕድሜዋን በአየር ላይ ያሳለፈች፣ ስትናገር የምትቸኩል ሴት ናት። ባለፈው ሳምንት ዋና አብሳዩን በጥፊ መምታቷን ሁሉም ያውቃል፤ እሷም አልሸሸገችም።

«መንገደኞቼ በማስታወክ ሊያልቁ ነበር» አለች። «አንድ ሕፃን እጄ ላይ ራሱን ሳተ። መጥቼ በጥፊ አልኩት። ትናንት ግን ራሱ ደወለልኝ። ጥፊው ይገባኛል፣ የማንን ጥፊ እንደተቀበልኩ ነገ እነግርሻለሁ አለኝ።»

መርፌ ሣጥኑን ሰጠቻት። ሴትዮዋ ክዳኑን በጣቷ ጫን አደረገችውና ፊቷ ተለዋወጠ።

«ይኼ ሰማይ ደርሶ የመጣ ነው።»

«በምን አወቅሽ?»

«እላይ አየሩ ሲሳሳ ክዳኑ እንደ ከበሮ ይወጠራል፤ ስንወርድ ደግሞ እንዲህ ይላላል። ያልበረረ ሣጥን ክዳኑ ልጥጥ ያለ ነው፣ ሂጂና መጋዘኑን እዪው። የተመለሰ ምግብ ሳይነካ ቢመጣም ይቃጠላል እንጂ ዳግም አይወጣም። ከሥሩ ደግሞ የቀድሞው በረራ ምልክት ጠርዝ ይታያል፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ብቻ የላላ አይደለም። የዛሬ ምልክት ማን ለጠፈበት?»

የሚመለሰውን ጋሪ ወደ ማቃጠያው ምድጃ የሚገፋው ግንዱ ነው። መቃጠሉን የሚቆጣጠረው ደግሞ የጥራት ተቆጣጣሪው ነው። መርፌ ሁለቱንም በልቧ ያዘች።

የጥራት ተቆጣጣሪውን ኩሽናው «ንጹሁ» ብሎ ነው የሚጠራው። ከጓንት ሌላ ቆዳ ያለው አይመስልም፤ ጋውኑን በቀን ደጋግሞ ይቀይራል። ለታሰረችው ልጅ ውሃ ያመጣላት፣ ካቴናው አጠበቀባት ብሎ ፖሊሶቹን የተቆጣው እሱ ነው። ስለ ሟቹ ሲናገር ከልቡ አለቀሰ። እንባውን ለመጥረግ ክንዱን ሲያነሳ ግን የጋውኑ እጅጌ ወደ ኋላ ሸሸና ከሥሩ ያለው የሸሚዝ እጅጌ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ታየ።

«ያ ምንድነው፣ አቶ ንጹህ?»

አየውና ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ሶሱ ነው። ጧት ከእሱ ጋር ሰማይ ቤት ገብቼ ቀምሼ ነበር። አሸታችሁ ማየት ትችላላችሁ።»

መርፌ ምንም ሳታፍር አሸተተችው። ሶስ ነው። «መሣሪያው እየሠራ?»

«እየሠራ እንጂ። ያለዚያማ መቅመስ አይባል። እውነቱን ልንገርዎ፣ ጨው ብቻ ነበር። አንድ ማንኪያ ጎርሼ ተውኩት። እህትህን ምን ነካት ብዬ ተናገርኩት፤ ያጣላቸው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ምነው ምላሴን በቆረጠው።»

«በአውሮፕላን ብዙ ይሄዳሉ?»

«እኔ?» ንጹሁ በእንባው መሐል ሳቀ። «ኩሽናው ይስቅብኛል እኮ። እግሬ መሬት ከለቀቀ ልቤ አብሮ ይለቃል።»

መርፌ አመስግናው ስትሄድ ጋውኑን አስተዋለች። ገና ከማሸጊያው እንደወጣ የመታጠፊያው መስመር ጀርባው ላይ አልጠፋም። እሱ ጋውን ሲቀይር አዲስ ነገር አይደለም። ኩሽና ስትደርስ ከልጅቷ ድስት ውስጥ አንድ ማንኪያ ሶስ ጎረሰች፤ ጉንጯ ተሸበሸበ፤ ዳቦም ፈለገች። ከዚያ ሃምሳ አለቃውን ወደ ጥግ ጠርታ የማቃጠያውን ምድጃ አመድ እንዲፈትሽ፣ የጓሮ በር ጠባቂውንም እንዲጠይቅ አዘዘችው፤ ያሰበችውንም ነገረችው። ሃምሳ አለቃው ሐሳቡን ፈጽሞ አልወደደውም።

ሬሳው ተነስቶ፣ ባለሙያዎቹ ሥራቸውን ጨርሰው፣ ደም የነካው ወንበር በላስቲክ ከተሸፈነ በኋላ ሁሉንም ሰማይ ቤት ደጃፍ ላይ ሰበሰበቻቸው። እህትየዋ ካቴናዋን እንዳጠለቀች፣ ግንዱ፣ የአስተናጋጆቹ አለቃና ንጹሁ ለየብቻቸው ቆሙ። ለእያንዳንዳቸው ከዚያው ሶስ አንዳንድ ማንኪያ ሰጠቻቸው። ግንዱ መዳፉ ላይ ተፋው። ንጹሁ እንዳልኩት ነው በሚል ዓይን አያት። የአስተናጋጆቹ አለቃ ብቻ አጣጥማ ዋጠችው።

«አሁን ደግሞ እላይ እንቅመሰው» አለች መርፌ። «አቶ ንጹህ፣ ጧት ስለገቡበት ለምደውታል፤ እርስዎና እኔ እንግባ።»

ሰው ሁሉ እያያቸው እንቢ ማለት አልሆነለትም። ገብተው ተቀመጡ፤ እሷ የልጅቷን የመሰለ ትሪ ይዛለች። ሃምሳ አለቃው በሩን ዘግቶ መሣሪያውን አበራው። የሞተሩ ጩኸት ሲጀምር ንጹሁ የወንበሩን ክንድ ጨምድዶ ያዘ። መርፌ ጆሮዋ ሲደፈንና አፏ ሲደርቅ ተሰማት። ይዛ በገባችው የፖሊስ ሬዲዮ ድምፃቸው ውጭ ላሉት ይሰማል፤ በመስታወቱም ያዩአቸዋል።

አንድ ጠርሙስ ውሃ ከፈተች፣ ግማሹን ጠጣች፣ ክዳኑን አጥብቃ ዘግታ ቀዳዳው ውስጥ አቆመችው። ከዚያ ሳህኑን አስጠጋችለት። «ይቅመሱ።»

ጎረሰ። ማኘኩን ቀስ በቀስ ተወው።

«ጨው ነው?»

ንጹሁ ማንኪያውን አስቀመጠ። እሷም ጎረሰች፤ ዓይኗን ጨፍና አጣጣመችው። ከጠቅላላው ነገር ይህኛው ብቻ ደስ አላት። «ልክ ነው» አለች ወደ ሬዲዮው። «ልጅቷ ጨው ያበዛችው እዚህ ምላስ እንደሚሰንፍ ስለምታውቅ ነው። አየሩ ሲሳሳ ጨውም ስኳርም ይደበዝዛል፤ ለዚህ ነው ክፍሉ የተሠራው። እርስዎ መሣሪያው እየሠራ ቀመስኩ አሉኝ፤ የነገሩኝ ጣዕም ግን የመሬት ጣዕም ነው። በሕይወትዎ እንዲህ ባለ አየር ውስጥ በልተው አያውቁም። ታዲያ ሶሱ እጅጌዎ ላይ የደረሰው መሣሪያው በቆመበት ጊዜ ነው። ማን አቆመው?»

«ልጅቷ ካበራችው በኋላ አልቆመም» አለ ንጹሁ። ድምፁ ተሰባብሯል።

«ቆሟል። ሟቹ ውሃውን የጠጣው አየሩ ከሳሳ በኋላ ነው፤ አየሩ ሲመለስ ጠርሙሱ ራሱ ይመሰክራል። ስለዚህ እህቱ ስታበራው በሕይወት ነበር። ሳህኑን ጨረሰ። ከዚያ እርስዎ የሞተሩን ጩኸት ሳያጠፉ መሣሪያውን ብቻ አቁመው፣ መዶሻውን ጋውንዎ ውስጥ ደብቀው ገቡ። ወዳጅ ስለሆኑ ቀበቶውን እንኳ አልፈታም። ብላ ብሎ የእህቱን ሳህን ሰጠዎት፤ አንድ ማንኪያ ጎረሱ። ከወንበሩ ሥር ያለውን ሣጥን አሳይቶ፣ ትኩሱን ምግብ በጓሮ በር ለየሆቴሉ እየሸጡ በቦታው ተመላሹን እንደሚያወጡ እንዳወቀ ነገረዎት። የአንዲት እናት ልጅ ሊሞት እንደነበርም ነግሮዎት ይሆናል። ያኔ ግንባሩን መቱት። አንዴ አይደለም። ከዚያ መሣሪያውን መልሰው አበሩ፤ የደሙን ጋውን የተመለሰውን ምግብ ሊያቃጥሉበት በተሾሙበት ምድጃ ውስጥ አቃጠሉት። የተቃጠለው ምግብ ብቻ ቢሆን ኖሮ አመዱ ውስጥ የጋውን የብረት አዝራር አይገኝም ነበር፤ ሃምሳ አለቃው ግን አግኝቶታል።»

ንጹሁ እንደ ሕፃን በሚያለቅስ ድምፅ «ጸጥ በይልኝ» አለ። ቀጥሎ ጓንቱን ሳያወልቅ ዘለለባት።

የወንበሩን ቀበቶ አንገቷ ላይ ጠምጥሞ ጉልበቱን ደረቷ ላይ ተከለ። ቀጭን ሰው ነው፤ ግን ሞት የመጣበት ሰው ጉልበት አለው። መርፌ ትንፋሽ አጣች፤ በዚያ ላይ የምትስበው አየር የሳሳ ነው። በመስታወቱ በኩል ሃምሳ አለቃው ማብሪያውን ሲመታ፣ ግንዱ በሩን በትከሻው ሲገጭ ታያለች። በሩ አየሩ እስኪመለስ አይከፈትም። ዓይኗ እየጨለመ ሳለ እጇ ትሪው ላይ ሹካ አገኘና የንጹሁን እጅ ከጠረጴዛው ጋር ሰፋችው። ጮኸ። በሌላው እጁ ፊቷን በቡጢ መታት፤ ከንፈሯ ተሰነጠቀ፤ ደግሞ መታት። አየሩ እያፏጨ ተመለሰ፤ በሩም ተበረገደ።

ግንዱ ገባ። የንጹሁን ክንድ ይዞ አጠማዘዘው፤ የአጥንቱ ድምፅ ውጭ ድረስ ተሰማ። ሁለተኛውንም ሊደግም ሲል ሃምሳ አለቃው ወገቡን አቅፎ ጎተተው። ንጹሁ ወለሉ ላይ ወድቆ፣ በነጭ ጋውኑ ላይ የራሱ ደም እየፈሰሰ፣ «ዝም ቢል ምን ነበረበት፣ ወዳጁ አልነበርኩም ወይ?» እያለ ይደጋግም ጀመር።

ያኔ ነው ሁሉም ዘወር ያሉት። ማንም ሳይነካው፣ ቀዳዳው ውስጥ ቀጥ ብሎ የቆመው የመርፌ ጠርሙስ የተመለሰው አየር ጨምቆት ልክ እንደ ሟቹ ጠርሙስ ተጨማዶ ነበር።

«ይኸው» አለች መርፌ አንገቷን እያሻሸች። ድምጿ አልወጣላትም፤ ግን ማንም ከዚህ ሌላ መስማት አላስፈለገውም።

ካቴናውን ራሷ ፈታችላት። የልጅቷ አንጓ ቀልቷል። ነጻ መውጣቷ ግን ፊቷ ላይ ምንም አልጨመረም፤ ሰማይ ቤትን እያየች ቆማ ቀረች።

«ይነቅህ ነው ያልኩት» አለች። «እሱን ይዞ ነው የሞተው።»

መርፌ እጇን ይዛ ማስረጃው ወደተቀመጠበት ጠረጴዛ ወሰደቻት። ሳህኑ በላስቲክ ውስጥ ነበር። ጠርዙ ላይ የወንድሟ ደም ደርቋል፤ መሐሉ ግን በዳቦ ተጠርጎ ያብለጨልጫል፤ ማንኪያውም ሆዱን ወደ ታች አድርጎ ተኝቷል። ልጅቷ ለብዙ ጊዜ አየችው።

«ማን ነው እንዲህ ያደረገው?»

«እሱ። በሩ ተዘግቶ አንቺ ከሄድሽ በኋላ።»

«ጋሼ ደፋልኝ?»

«ደፋልሽ» አለች መርፌ።

ልጅቷ ላስቲኩን በሁለት እጇ ይዛ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ ከወንድሟ ሞት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኻ አለቀሰች።